ሎሌ ወይስ ሸሪክ

«ሎሌዬ ነው ብለህ ጻፈው» አለ ገብረ መድኅን ከግድግዳው ወዲያ። «ስሙ ሃጎፕ፣ ሥራው ብረት ቀጥቃጭ፣ ጌታው እኔ። ያመጣው ዕቃም የጌታው ነው በል። ሎሌ የራሱ ዕቃ የለውም።»

ወርቅውሃ በወንድሟ በገብረ መድኅን ጓዳ ውስጥ ከጋኖቹ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ የመጣችው በቅሎ ልትዋስ ነው። የወንድሟ ሚስት ፈትለወርቅ ለመንገድ የሚሆናትን በቅቤ የታሸ ጩኮ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለችላት ነበር። የጓዳው ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ ጭቃው ስለተሰነጣጠቀ፣ በእልፍኝ የሚወራው ሁሉ ሳይጎድል ያልፋል። የጸሐፊው የፈንታሁን ብዕር ብራናው ላይ ሲፋቅ እንኳ ይሰማል። ፈንታሁን ጥቂት ቆይቶ «እኅትዎንስ ምን ብዬ ላስገባቸው? ሸሪክ ነኝ ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ ጠየቀ። ገብረ መድኅን ሳቀ። «ሴት ናት፤ ምን ብለህ ትጽፋታለህ? በእኔ ስር ናት» አለ። የፈትለወርቅ እጅ ቅጠሉ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ እንደገና መጠቅለል ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች ዓይን ለዓይን አልተያዩም። 

ሰዉ እንደ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» የሚለው ሃጎፕ የማንም ሎሌ አልነበረም። ወርቅውሃ ያወቀችው ባለፈው ዓመት ጋምቤላ ቡና ይዛ በወረደች ጊዜ ነው። ባሏ ደርበው በንዳድ ከሞተባት ወዲህ ንግዱን ራሷ ይዛው ነበር። ሃጎፕ አርመን ነው፤ በአንድ ግሪክ መጋዘን ውስጥ የመርከቦቹን ቧንቧና የነጋዴዎቹን ፋኖስ እየጠገነ ይኖራል። አማርኛውን የለቀመው ከበቅሎ ነጂዎች ስለሆነ አንዳንዱ ቃል ለሴት ፊት የማይሆን ነው፤ ይህንንም አያውቅም። የሷ ቡና ሲራገፍ አየና ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል በመዳፉ አፍሶ «ይሄን ሁሉ ገለባ በበቅሎ ጀርባ ከመቱ እስከዚህ ተሸከምሽ? ለምን?» አላት።  ሁሉም ሰው የሚያደርገው እንዲያ ነው፤ ወይ ጀንፈሉን እንዳለ መጫን፣ አለዚያ የሴቶች መዳፍ ውሃ እስኪቋጥር በሙቀጫ መውቀጥ። ሃጎፕ ከሰል አነሣና በሣጥን ክዳን ላይ የመፈልፈያ መኪና ሣለላት፤ ከታች ውሃ የሚመታው መንኮራኩር፣ ከላይ ጀንፈል የሚገባበት አፍ፣ በጎን ደግሞ ንጹሑ ቡና የሚወርድበት። ወርቅውሃ ሥዕሉን ትኩር ብላ ስታይ በሶር ወንዝ ዳር ያለው ቦታዋ፣ ውሃው ከድንጋይ ላይ እየተወረወረ የሚወርድበት ቁልቁለት ወለል ብሎ ታያት። «ውሃው አለኝ» አለችው።

ኩባንያቸው የተቋቋመው በዚያች ቃል ነው። እሱ ያለውን ሁሉ ሸጦ መኪናውን ከካርቱም በሚመጣው መርከብ ሊያስመጣ፣ እሷ ቦታውን፣ ቤቱንና ቡናውን ልታቀርብ፣ ትርፉን እኩል ሊካፈሉ በማርያም ስም ተማማሉ። ገብረ መድኅን ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ነበር የሳቀው። «የሙት ባል ገንዘብ አርመን በላው ይባላል» አለ። አሁን ግን መኪናው በእርግጥ ባሮን ተሻግሮ፣ በሸክምና በበቅሎ ቡሬን አልፎ ጎሬ ግምሩክ ግቢ መድረሱ ከተሰማ ወዲህ ሳቁን ትቶ ጸሐፊ ያስጠራ ጀመር። ከሃጎፕ የመጣው መልእክት አጭር ነው። እሱ ራሱ ከእንግሊዞቹ የጋምቤላ ሠፈር ወደ አገር ውስጥ መግቢያ ወረቀት ስለሌለው ግምሩክ ይዞታል፤ ዛሬ ችሎት እስኪነሣ ድረስ የሚያስገባው ሰው ካልቀረበ ነገ ማለዳ ወደ ጋምቤላ ከሚወርዱት ነጋዴዎች ጋር ይመልሱታል። ባሮ እየጎደለ ነው፤ ከእንግዲህ አንድ መርከብ ቢመጣ ነው። እሱ ሄደ ማለት መኪናው ብረት ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ የቡናው ለቀማ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል።

ገብረ መድኅን ከእልፍኝ ሲወጣ ጓዳው በር ላይ አያት። መስማቷን አልጠረጠረም፤ ወይም ቢጠረጥርም ግድ አልሰጠውም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ በወጣትነቱ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ አገሩን ሁሉ በበቅሎ ያዳረሰ፣ አሁን ግን ወንበር የለመደ ሰው ነው። «ወርቄ፣ አንቺ አትልፊ። ግምሩክ የሴት ቦታ አይደለም። ዛሬ ማኅበር አለብኝ፤ ከጸሎቱ እንደወጣሁ ጎሬ ሄጄ ነገሩን እጨርሰዋለሁ» አላት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች።

እሱ ነጠላውን አደግድጎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያቀና ፈትለወርቅ ተነሥታ የጓሮውን አጥር መዝጊያ ከፈተች። በቅሎዋ እዚያው ተጭና ቆማ ነበር። ለበቅሎ ነጂው ለዳምጤ በኦሮምኛ «ፈጠን በሉ» አለችው። ለወርቅውሃ ግን ጩኮውን እያቀበለች «ቅጠሉ እንዳይቀደድ ቀስ ብለሽ ያዢው» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ወርቅውሃ በቅሎዋን ኮረኮረች።

ከመቱ እስከ ጎሬ ያለው መንገድ በዚያ ወር ግማሹ ጭቃ ግማሹ ጅረት ነው። ዳምጤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከፊት እየሄደ የሚያዳልጠውን በዱላው ያሳያታል። ከጫካው ውስጥ ጉሬዛዎች ይጮኻሉ፤ በየዛፉ ጥላ የቡናው ፍሬ ጫፍ ጫፉ መቅላት ጀምሯል። ወርቅውሃ ይህን ባየች ቁጥር ልቧ ይዘላል። እንደ ወትሮው ስንት ፈረሱላ ይሆናል ብላ አላሰበችም። የምታስበው ድምፁን ነበር፤ መኪናው ሲዞር ምን ዓይነት ድምፅ ይሰጥ ይሆን? ሃጎፕ «ጥርስ እንደሚያፋጭ ዝሆን» ብሏት ነበር፤ ዝሆን ጥርስ ሲያፋጭ ሰምታ ስለማታውቅ ድምፁን በየቀኑ በተለያየ መንገድ ስትገምተው ከርማለች። አሁንም በመንገዱ ላይ ለግምሩኩ ሹም ለነጋድራሱ የምትናገረውን ጮክ ብላ ትለማመዳለች፤ ትጀምርና መሐል ላይ ንዴቷ ይመጣባታል። «ሎሌ!» ትላለች በቅሎዋ ጆሮ ላይ። ዳምጤ ዞር ብሎ «እትዬ፣ እኔን ነው?» አለ። «አንተን አይደለም፣ ዳምጤ። መንገዱን ንዳ» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ «ህን ሶዳቲን» አላት፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። አለመፍራቷ ራሷንም ገርሟት ነበር።

ጎሬ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። ኮረብታው ላይ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ያንጸባርቃሉ፤ የሕንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው አቡጀዲ ነፋስ ይነፋዋል፤ የግሪኩ ሱቅ ጨው በአሞሌ ሳይሆን በከረጢት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ደጁ ሰልፍ አያጣም። የእንግሊዙ ቆንሲል ባንዲራ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይውለበለባል። ከጋምቤላ የመጡ ተሸካሚዎች በግምሩክ ግቢ አጥር ሥር ተጋድመው ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ አንዱ የዘንድሮው ጨው ረከሰ ይላል፣ ሌላው ያንተ ምላስ ነው የረከሰው ይለዋል። ወርቅውሃ በቅሎዋን ለዳምጤ ትታ ወደ በሩ ስትቀርብ፣ ዘበኛው ነፍጡን አግድሞ «ከዚህ ወዲያ ባለጉዳይ ብቻ ነው» አለ። «ባለጉዳይዋማ እኔ ነኝ» አለችውና ነፍጡን በእጇ ገፋ አድርጋ ገባች። ዘበኛው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነፍጡን መልሶ ትከሻው ላይ አነገተው።

ሃጎፕ በሣጥኖቹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጢሙ አድጎ፣ ኮቱ ተቀድዶ፣ ባርኔጣው ቅርፁን ለቆ በሌላ ጊዜ ብታየው ባላወቀችው። እሷን ሲያይ ዘሎ ወረደና የእጁን ዘይት በሱሪው ጠርጎ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የሣጥን ክዳን በመሮ ገነጠለ። «እይ! እይ!» አላት። በሣር ተሸፍኖ የተኛ ጥቁር ብረት፣ ጥርስ ያለው፣ እንደ አዲስ ምጣድ የሚያብረቀርቅ። ወርቅውሃ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። ሳታስበው እልልታ ከአፏ ወጣ፤ ተሸካሚዎቹም በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። ሃጎፕ ያለ ትንፋሽ ይናገራል። አንደኛው ሣጥን ባሮ ውስጥ ወድቆ ዋናተኞች እንዳወጡት፣ መንኮራኩሩ በቡሬ አቀበት ላይ ስድስት ሰው እንዳስለቀሰ፣ ሌሊት ሌሊት ዝገት እንዳይበላው ለራሱ እንጀራ መቀቢያ የገዛውን ቅቤ እንደቀባው ነገራት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት አንድ የጋምቤላ ንግድ ኩባንያ ሰው መጣ። የእኛ ሠራተኛ ሁን፣ ከቆንሲሉ ወረቀት እናወጣልሃለን፣ መኪናውን እዚሁ ጎሬ በመጋዘናችን እንተክለዋለን፣ በየወሩ ደመወዝ ትበላለህ አለኝ። እሺ ብል ዛሬውኑ እወጣ ነበር።»

«ምን አልከው?»

«ሸሪኬ ትመጣለች አልኩት። ሳቀ።»

ወርቅውሃም በተራዋ ወንድሟ ያጻፈውን ነገረችው። አንዱንም አልሸሸገችም። ሃጎፕ ሣጥኑን እያየ ሰማት። «ሎሌ መሆን አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሎሌ ነበርኩ። እኔን ሎሌ ይበለኝ ግድ የለኝም። መኪናውን ግን ሎሌ አያድርገው።» አስቸጋሪው ነገር ይህ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዳቸው ተከፍቷል፤ እሱ የኩባንያው ሰው ሆኖ፣ እሷ የወንድሟ እኅት ሆና። አብረው የሚገቡበት ግን የት እንዳለ አያውቁም።

ነጋድራስ ሙሉብርሃን ችሎቱን የሚያስችለው በሰፊው ዳስ ሥር ነው። ጉንፋን ይዞት አፍንጫውን በነጭ መሐረብ ይጠራርጋል፤ ፊቱ ግን እንደ ድምፁ አይቆጣም። ወርቅውሃ እጅ ነሥታ ጉዳይዋን ስትጀምር በመንገድ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። «ቡና የሚፈለፍል መኪና አምጥተናል፤ ሰውየው ሸሪኬ ነው፤ ነገ እንዳይመልሱብኝ» ብቻ አለች። ነጋድራሱ አተኩሮ አያትና ጉዳዩ የወደደው ዓይነት ሆኖ አገኘው መሰል፣ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«እንግዳ ወደዚህ አገር ለሥራ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው» አለ። «አንደኛው በራሱ ስም ነጋዴ ሆኖ ነው። ለዚህ የመንግሥቱ ቆንሲል ‹የእኔ ሰው ነው፣ ቢያጠፋ እኔን ጠይቁኝ› ብሎ ይጽፋል። ሙሴ፣ አንተ የማን መንግሥት ሰው ነህ?»

«የማንም» አለ ሃጎፕ። «የተወለድኩበት አገር አይፈልገኝም፤ እኔም አልፈልገውም።»

በዳሱ ሥር የተቀመጡት ባለጉዳዮች አጉረመረሙ። ነጋድራሱ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ያ መንገድ ተዘጋ። ሁለተኛው ቅጥረኛ ሆኖ ነው። የሚያሠራው ሰው ቀርቦ ‹የእኔ ነው› ይላል፤ ይገባል። ሲያሰናብተው ይወጣል። ይዞት የገባው ዕቃ በአሠሪው ስም ይጻፋል። ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ የሚገቡት እንዲህ ነው። ሦስተኛው የአገር ሰው ሸሪክ ሆኖ ነው። ይህ ከባድ ነው። በየራሳቸው ስም ቦታ ያላቸው ሁለት ሰዎች ዋስ ይሆናሉ፤ ሰውየው ቢጠፋ፣ ቢያጠፋ፣ ቢከስርም ቦታቸውን ይዘው ይጠየቃሉ። ያን ጊዜ ዕቃው በሁለቱ ሸሪኮች ስም ይገባል። የትኛውን ትመርጫለሽ?»

«ሦስተኛውን» አለች ወርቅውሃ። ድምፅዋ ራሷ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «አንዱ ዋስ እኔ ነኝ። የሶር ዳር ቦታዬ በስሜ ነው፤ ባሌ ሲሞት በዳኛ ፊት የጸናልኝ።»

ነጋድራሱ «ሁለተኛውስ?» ሊል አፉን ሲከፍት ገብረ መድኅን ከነበርኖሱ ገባ። ማኅበሩን በግማሽ ትቶ እንደወጣ የበቅሎው አረፋ ይመሰክራል። እኅቱን አየ፤ እኅቱም አየችው። ምንም ሳይናገራት አልፏት ለነጋድራሱ እጅ ነሣና የፈንታሁንን ጽሕፈት አቀረበ። ነጋድራሱ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ሎሌዬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሃጎፕ ባርኔጣውን አወለቀ፤ «በእኔ ስር ናት» የሚለው ላይ ሲደርስ ወርቅውሃ መሬት መሬት አየች። ጠዋት በግድግዳ ቀዳዳ የሰማችው ነገር በሰው ሁሉ ፊት ሲነበብ ይበልጥ የሚያም መሆኑን አላሰበችውም ነበር።

«አቶ ገብረ መድኅን፣ እኅትህ ሸሪኬ ነው ትላለች» አለ ነጋድራሱ።

«ጌታዬ፣ የቤታችን ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ ብትሳሳት ወንድም ይመክራል።»

«እንግዲያውስ ምክርህ ዋስ መሆን ከሆነ ነገሩ አልቋል። ሁለተኛ ዋስ ትሆናታለህ?»

ገብረ መድኅን የበርኖሱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። ወርቅውሃ ጠበቀች። በልጅነታቸው አባታቸው ሲሞት አቅፏት ያደረ፣ መጀመሪያ የቡና ንግድ ሲጀምር ሚዛን እንዴት እንደሚያዝ ያሳያት ይኸው ሰው ነው። አንድ ቃል ቢል ሌላውን ሁሉ ልትረሳለት ዝግጁ ነበረች። እሱ ግን ዓይኑን ከዳሱ ምሰሶ ላይ አላነሣም።

ነጋድራሱ አስነጠሰ። «ችሎቱ እስኪነሣ ጊዜ አለሽ፣ ልጄ። ሌላ ዋስ ካመጣሽ ሸሪክ ብዬ አስገባዋለሁ። ካላመጣሽ የወንድምሽን ጽሕፈት አጸናለሁ» አለ።

ወርቅውሃ ከግቢው ስትወጣ ሮጣ ነበር የወጣችው። ደርበው በሕይወቱ ሳለ ያበድረው የነበረ አንድ የቡና ነጋዴ ቤት ገባች፤ ሰውየው ቁጭ በይ እንኳ ሳይላት «ለሴት ንግድና ለፈረንጅ ዋስ? አንዱን ቢሆን በቻልኩ» አላት። የክርስትና ልጇ አባት ራሴን አሞኛል ብሎ አስነገረ፤ ከውስጥ ሲስቅ ግን ይሰማል። የሕንዱ ነጋዴ አዘነላት፣ ውሃ አጠጣት፣ ግን እሱም ራሱ በዋስ ነው የሚኖረው። ዳምጤ ከኋላዋ እየተከተለ በቅሎዋን ይጎትታል። በመጨረሻ ቆም ብሎ «እትዬ፣ እኔ አልሆንም? አገሬ ዳሪሙ የማርሰው መሬት አለኝ እኮ» አላት። «የምታርሰው ያንተ ነው፣ ዳምጤ?» ብላ ጠየቀችው። መሬቱ የባላባቱ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ወርቅውሃ ትከሻውን ነካ አድርጋ «አንተ ብትሆን ደስ ባለኝ» አለችው። ይህን ያለችው ልታጽናናው ብቻ አልነበረም።

ወደ ግምሩኩ ስትመለስ እግሯ ከብዷል፤ ንዴቷ ግን አልወጣላትም። ለሃጎፕ እንዴት እንደምትነግረው እያሰበች ነበር፤ ለኩባንያው ሰው እሺ በል፣ ቢያንስ የወንድሜ ሎሌ ከመሆን ትድናለህ ልትለው። በሩ ላይ ግን ሰው ተሰብስቧል። አንዲት የጭነት በቅሎ ቆማለች፤ ኮርቻ የላትም፣ ጀርባዋ ላይ የከረጢት ማሠሪያ ገመድ ብቻ። ከበቅሎዋ ጎን እስከ ወገቧ በጭቃ የተለቀለቀች ሴት መታጠቂያዋን ታጠብቃለች። ዞር ስትል ፈትለወርቅ ናት። በትዳሯ ዘመን ሁሉ ከመቱ ገበያ አልፋ ብቻዋን ሄዳ የማታውቀው ፈትለወርቅ።

«እትዬ! ምን ሆንሽ? ቤት ምን ደረሰ?» አለች ወርቅውሃ።

«ቤቱ ደኅና ነው» አለች ፈትለወርቅ እያለከለከች። «ለቤተ ዘመድ ነግሬ ዘግቼው ወጣሁ። ችሎቱ ተነሣ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያስ ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዘበኛው በዚያን ቀን ሴት መከልከል ሰልችቶት ኖሮ ራሱ መንገድ ለቀቀላቸው። ነጋድራሱ መዝገቡን ሊያስዘጋ ሲል ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው ዳሱ ሥር ቆሙ። ገብረ መድኅን ሚስቱን ሲያይ መጀመሪያ ሞት ያረዱት መስሎት ደነገጠ። «አንቺ፣ ልጆቹ…?» አለ ተነሥቶ። «ልጆቹ ደኅና ናቸው» አለችው። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» እሷ ግን ለእሱ አልመለሰችም። ለነጋድራሱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና በዝግታ፣ እንደ ጸሎት እየደገመች ያጠናችው በሚመስል ቃል ተናገረች።

«ስሜ ፈትለወርቅ ነው። ቡሬ አባቴ የተወልኝ የቡና ቦታ አለኝ፤ በስሜ ነው፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልሰጠሁትም። ሸሪክ ሁለት ዋስ እንደሚሻ ከጸሐፊው ከፈንታሁን ሰምቼ ለሴትዮዋና ለሰውየው ዋስ ልሆን መጥቻለሁ።»

 ነጋድራሱ መሐረቡን ጭኑ ላይ አኖረው። የችሎቱ ጸሐፊ መዝገቡን አገላብጦ የቡሬው ቦታ በስሟ መሆኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቦታው የአንቺ ነው» አለ ነጋድራሱ፤ «ባልሽ ግን እዚህ ተቀምጧል። ባል ሚስቱን ከዋስነት ላስቀር ቢል እሰማዋለሁ። አቶ ገብረ መድኅን፣ ትቃወማለህ?»

ሰው ሁሉ ወደ ገብረ መድኅን ዞረ። ፊቱ ቀልቷል፤ ከዚያ ገረጣ። ሚስቱን ያያታል፤ ጭቃዋን፣ በገመድ የተላጠ እጇን፣ ገና ያልረጋ ትንፋሿን። ያቺ በቅሎ ስንት ጊዜ ሰው ጥላ እንደምታውቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «በዚያች በቅሎ ነው የመጣሽው? ያለ ኮርቻ?» አላት ቀስ ብሎ። «ኮርቻውን አንተ ይዘኸው ሄድክ» አለችው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ወርቅውሃ ወንድሟን እያየች ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት። የሚቃወም ቢሆን ዛሬ በጎሬ ፊት፣ ነገ በቤቱ ውስጥ ከሚስቱ ጋር መኖር እንደሚከብደው አወቀች፤ እሱም አወቀው።

«አልቃወምም» አለ።

ነጋድራሱ ጽሕፈቱን አጥፎ መለሰለት። «እንግዲህ ሙሴ፣ አንተም ተናገር። ሸሪክ ሆነህ ብትገባ ሁለት ሴቶች ቦታቸውን ለአንተ አስይዘዋል። ደመወዝ የሚሰጥህ የለም፤ ብታተርፍ ትካፈላለህ፣ ብትከስር ትካፈላለህ። የትኛውን ትወዳለህ?» ሃጎፕ ሊመልስ ሞከረ፤ ከበቅሎ ነጂዎች የተማረው አማርኛ ሁሉ ከዳው። በመጨረሻ «ሸሪክ» አለ፤ ደግሞም አንዴ «ሸሪክ» አለ፤ ነጋድራሱ ሰምቻለሁ እስኪለው ድረስ። ጸሐፊው የሁለቱን ስም ጎን ለጎን አኑሮ የዋሶቹን ስም ከሥር ጻፈ፤ ማኅተሙ ሲወርድ ጠረጴዛው ተናጋ።

ውጭ ሲወጡ ገብረ መድኅን ከአጥሩ ሥር ለብቻው ቆሞ ነበር። ማንም ያናገረው የለም። ዳምጤና ተሸካሚዎቹ ሣጥኖቹን ወደ ደጅ እያወጡ ነገ ለሚደረገው ጉዞ ያሰናዳሉ። መንኮራኩሩን በሁለት በቅሎ መካከል በሳንቃ ሊያንጠለጥሉት ሞከሩ፤ አንደኛው ወገን ዘመም አለ። ገብረ መድኅን ጥቂት አየ። ከዚያ በርኖሱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና «እንዲህ አይታሠርም! መቱ ሳትደርሱ የበቅሎዋን ትከሻ ትገድላላችሁ» ብሎ ገመዱን ከዳምጤ እጅ ወሰደ። እንደ ድሮው በጥርሱ ይዞ፣ በጉልበቱ ደግፎ ቋጠሮውን አዞረው። ወርቅውሃ ሌላውን ጫፍ ያዘችለት። «ጋሼ፣ ቡናው ከመኪናው ሲወጣ ወደ ጋምቤላ የሚያወርደው ሰው እንፈልጋለን። በቅሎ ያለው፣ መንገድ የሚያውቅ» አለችው። እሱ ገመዱን እየሳበ «ያዢው፣ አትልቀቂ» ብቻ አላት። እሺም እምቢም አልነበረም። እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

ፈትለወርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ጩኮ ትበላለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ያለኮርቻ የመጣችበት ጉዞ ጎኗን ሰብሮት «ነገ እኔን ደግሞ በሣጥን ውስጥ ጫኑኝ» ትላለች፤ ሁለቱም ሴቶች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሃጎፕ በዚህ ሁሉ መካከል ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ከግምሩኩ በር ፊት ቆሞ ነበር። ዘበኛውን አየ። አንድ እግሩን ከበሩ ደፍ አሳለፈ፤ ዘበኛው ዝም አለ። ሁለተኛውንም አሳለፈ። በጎሬው ሰፊ መንገድ ላይ ወደ ሕንዱ ሱቅ አቅጣጫ ጥቂት ሄደ፤ የሚጠራው የለም። ተመልሶ መጣና ወደ ግቢው ገባ፤ እንደገና ወጣ። ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እንደ ሹም እየተንጎራደደ አንዴ ደግሞ ገብቶ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩታል። ዘበኛው ትዕግሥቱ አልቆ በነፍጡ ሰደፍ መሬቱን መታና ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ!»

መጀመሪያ የሳቀው፣ ገመዱን በጥርሱ እንደያዘ፣ ገብረ መድኅን ነበር።